የአዴ ዘይነባ ስልክ ያልነገራቸው ሞት

ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡30

ሻዬ ቀዝቅዟል። የመጽሔቱ አዘጋጅ ሁለቴ ደወለ፤ አላነሳሁም። ዓምዴን እስከ ዓርብ እልካለሁ ብያለሁ። ርዕስ የለኝም። ያለኝ ወሬ ብቻ ነው፤ እሱንም ደብተሬ፣ ካንቺ በቀር ለማን ልንገር?

አዴ ሩቂያ ትናንት ጎህ ሲቀድ አረፉ። የቀትሩ ዙህር እንደተሰገደ ተቀበሩ። አዴ ዘይነባ አልነበሩም! የዕድሜ ልክ ጓደኛቸው! ቀድማ የሞተችውን የቀረችው ልታጥባት ቃል የተጋቡ። ኤረር በር ሰፈር፣ ጓሯቸው ቁጭ ብለው በርበሬ ሲለቅሙ ዋሉ። የሰሙት ወደ ዐስር ሶላት ግድም ነው፣ ከመንገደኛ።

ስልካቸው ዝም ብሎ። ዝም ያሰኘሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ያው ማክሰኞ፣ ከሰዓት 10 ሰ.

ላስረዳሽ። እዚህ ሐረር እናቶቹ፣ አዴ የምንላቸው፣ አፎቻ የሚሉት ማኅበር አላቸው፤ ለቅሶውንም ሠርጉንም አብረው የሚያነሱበት። ፈረስ መጋላ ስልክ የምትጠግነው ኢክራም ለአፎቻው አፕ ሠራች። ሰው ሲሞት ስልኩ በሐረሪኛ፣ በራሷ ድምፅ፣ ጮክ ብሎ ያረዳል። ፊደል ያልቆጠረውም ይሰማል። ቤት ለቤት መዞር ቀረ። የአፕ መደብሩ አልቀበልም ስላላት ግን በየሰዉ ስልክ ላይ በእጇ ነበር የምትጭነው።

እኔ ብልጧ ባለፈው ወር ምን ጻፍኩ? እህቶቼ፣ ከመደብሩ ውጭ የመጣ አፕ ከማያውቁት ሰው እጅ እንደተቀበሉት ጉርሻ ነው፤ ዛሬውኑ አጥፉት። ስጽፈው እንዴት ጣፍጦኝ ነበር! አዴ ዘይነባ ምራታቸው አነበበችላቸው። አጠፉት። በዚያው ስም የሚጠራ ሌላ ከመደብሩ አወረዱ። አረንጓዴ። የሚያምር። የተረጋገጠ።

ረቡዕ፣ 5 ሰ.

ኢክራም ጋ። ምራታቸው ለማስመርመር ያመጣችውን የአዴ ዘይነባን ስልክ ከፍታ አሳየችኝ። "የተረጋገጠው" የስልክ ማውጫቸውን ጠራርጎ ወስዷል። የሚሄዱበትን ይከታተላል። በአዛን ሰዓት የቁማር ማስታወቂያ ይዘፍናል። ስለ ለቅሶ አንዲት ቃል የለውም። መደብሩ ይህን አሳልፎታል!

የሷንስ ለምን መለሱት? ሞትን ደጋግሞ ስለሚያወራ ተጠቃሚን ይረብሻል አሏት። እንግዲህ አፎቻው ሠርግ ብቻ ያውራ፤ ሰው መሞቱን ይተው! አቤት አለች። ያው መልስ፣ ቃል በቃል፣ የላኪ ስም የሌለው።

እኔ እርግማኔን ሳወርድ ልጅቷ ገታችኝ።

"ቀስ በይ እትዬ። በእጅ የተላለፈ ፋይል ስንቱን ስልክ እንዳነደደ እኔ ነኝ የማውቀው። ማጣራቱን አልጠላሁም። አጣሪውን የሚጠይቀው የለም እንጂ።"

ተናደድኩባት። ልክ ናት ብዬ ነው የተናደድኩት። ግን ጥበቃ ይበሉት? ጎረቤትን ከደጅ መልሶ፣ ሌባውን ባጅ አንጠልጥሎለት ጓዳ የሚያስገባ በረኛ! ሲያጣራ የኖረው ለራሱ ነው።

ሐሙስ፣ 4 ሰ.

ስኳር ይዤ ሄድኩ። አዴ ዘይነባ ደጃፉ ላይ።

"ጸሐፊዋ መጣች! ዛሬ ደግሞ ምን አጥፉ ልትዪን ነው?"

ገባሁ። ያሳሳትኩዎት እኔ ነኝ አልኳቸው። ያጠቧት ደግ ሴቶች ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ፣ አሉ። "ግን ሩቂያ አንገቷ ሥር ሲነኳት አትችልም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ትስቃለች። እኔ ብሆን እዚያ ጋ ቀስ ብዬ አልፍላት ነበር። ያን ማን ያውቅላታል?"

ስኳሩን አጠገባቸው አስቀመጥኩ።

ከዚያ መደብሩ የት ነው አሉኝ፤ ሄደው ሊነግሯቸው። አላውቅም አልኳቸው። እውነት አላውቅም።

"በሩ የት እንዳለ ሳታውቂ ነው በዚያ ግቡ ያልሽን?"

ስልካቸውን እጄ ላይ አስቀመጡ። ኢክራም የድሮውን ትመልስበት። የሳቸው ቀን ሲደርስ ሰው ይስማ።

ዓርብ፣ 3 ሰ.

ስልኩን ለኢክራም አደረስኩ። የድሮውን ጫነችበት። አዘጋጁ ደወለ፤ ዘንድሮ ስለሚዘወተረው የሠርግ ልብስ ብትጽፊስ አለ፣ ፈካ ያለ ነገር። አይሆንም አልኩት። ማስታወቂያ የሚሰጡንን እንዳላስቀይም አሳሰበኝ። ይቀየሙ።

የመጀመሪያውን መስመር ጽፌዋለሁ፦ አጥፉ ያልኳችሁ እኔ ነኝ፤ የት እንዳለ የማላውቀውን በረኛ አምኜ።

ከመላኬ በፊት ኤረር በር ወርጄ ለአዴ ዘይነባ አነብላቸዋለሁ። ይሁን ካላሉ አልልክም። ነጠላዬን ለብሻለሁ።