ከድምፁ ቀድሞ ላለፈው

ውድ የእህቴ ልጅ፣

አክስትህ በጦር ሰፈራችሁ በር ላይ ራሷን ስታ ወደቀች፣ ስትነቃም ዘበኛውን ረገመችው እያሉ የሚያወሩ ጎረቤቶች አሉ። ወሬው አንተ ዘንድ ከደረሰ አትመን። አልወደቅኩም፤ እግሬ ሲዝል ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ዘበኛውንም አልረገምኩም። ጄትህ በደህና አርፎ እንደሆነ ብቻ ጠየቅኩት።

"እናቴ፣ መናገር አልተፈቀደልኝም" አለኝ።

"እሺ፣ አትናገር። ራስህን ነቅንቅልኝ።"

አቀርቅሮ ጫማውን አየ። እኔም አየሁለት። በደንብ ተወልውሏል።

በመጨረሻው ፈቃድህ ስለ ጄትህ ባታስረዳኝ ኖሮ ዛሬ እንደ ሰው ተስፋ አደርግ ነበር። ምሳ በልተን እንደጨረስን ቢላዋውን አንስተህ፣ "አካሉ እንዲህ ሹል ነው፣ ክንፉ አጭርና ስስ። የጠላት አውሮፕላን ሳይደርስብን ሽቅብ ተወርውሮ መንገድ ላይ ሊመታው የተሠራ ነው። ከድምፅ እጥፍ ይፈጥናል" አልከኝ።

"እየዞሩ መዋጋትስ?"

"አክስቴ፣ እሱ እንዳንቺ ነው። ቀጥ ብሎ ሄዶ ቀጥ ብሎ ይመለሳል፤ መታጠፍ አይሆንለትም።"

"ሲያርፍስ?"

"እንደ እብድ ነው የሚያርፈው። ከኋላው ጃንጥላ ዘርግተን ነው የምናስቆመው።"

ሳቅኩልህ። ከዚያ ስለ ነዳጁ ጠየቅኩህ፤ ምነው በቀረብኝ። በሙሉ ኃይል ከበረረ አንድ ሰዓትም አይቆይም አልከኝ። ሰው ዘመዱ ሲዘገይበት መንገድ ተዘግቶ ይሆናል፣ ጎማ ተንፍሶ ይሆናል ይላል። አንተ ግን እንዲህ የምለው ነገር አላስቀረህልኝም።

ማክሰኞ ጠዋት መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ከተማ ላይ ከድምፅ ፈጥኖ መብረር ለልምምድ ክልክል መሆኑን ነግረኸኛልና ጉዳዩ የምር እንደሆነ ገባኝ። ሁለት ጊዜ ነጎደጎደ፤ ሁለት ጄቶች ወጥታችኋል ማለት ነው። ቀና ስል ሰማዩ ባዶ ነው፤ ድምፃችሁ ሲደርሰኝ እናንተ አልፋችኋል። ቆይቶ አንድ ጄት ብቻ በጣሪያችን ላይ ዝቅ ብሎ ተመለሰ። አንተ እንድትሆን ተመኘሁ፤ ወዲያው የሌላውን እናት አሰብኩና አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ስልካችሁ ሁሉ ዝግ ነው።

እናትህ አሁንም መብረር ትተህ መሬት ላይ የምታስተምር ነው የሚመስላት። ለታመመ ልቧ ብለን አንተና እኔ የተማከርነው ውሸት ነው፤ አሁን ብቻዬን ተሸከምኩት።

"የምን ነጎድጓድ ነው?" አለችኝ።

"ዝናብ ሊመጣ ነው።"

"ታዲያ ልብሱን አታስገቢም?"

ፀሐዩ እያቃጠለ፣ ደረቁንም እርጥቡንም አስገባሁ።

ነገ መጀመሪያ፣ እናትህ ሳትነቃ የራዲዮኑን ገመድ እነቅላለሁ። መድኃኒቷን እሰጣታለሁ፤ ቁርሷን እስክትጨርስም አጠገቧ እቀመጣለሁ። ከዚያ ይህን ደብዳቤ ይዤ እዚያው በር እሄድና ለዘበኛው እዘረጋለታለሁ። ከተቀበለኝ፣ የሚሰጠው ሰው አለ ማለት ነው።

አክስትህ