ከእናትህ ጋር ያየሁት የአየርላንድ ፊልም

ውድ ዳጊ፣

እንደምን ከርመሃል? የዴንቨር በረዶ እንዴት ይዞሃል? ቴክስት ባደርግልህ በአንዲት ቢጫ ፊት ትገላገለኛለህ፤ ብደውል «ሥራ ላይ ነኝ፣ ኮል አደርግሻለሁ» ትልና ትጠፋለህ። ስለዚህ ወረቀት አወጣሁ። ፊደሉን ረስቼዋለሁ እንዳትለኝ፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ከእኔ ቀድመህ ማንበብ የጀመርከው አንተ ነህ። ቀስ ብለህ አንብበው። የምጽፍልህ ስለ እናትህ ነው።

አትደንግጥ፣ ደህና ናቸው። አብረን ፊልም አየን ልልህ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሲልቨር ስፕሪንግ የዓይን ቀጠሮ ነበራቸው። አንተ ከሄድክ ወዲህ የእትዬ የዓለምዘርፍ ሹፌር እኔ ነኝ፤ ደሞዜም ምርቃት ነው። ሐኪሙ ቶሎ ለቀቃቸው፤ ዝናቡ ግን አልለቅም አለና ሮጠን የድሮው ሲኒማ ቤታችን በር ላይ ተጠለልን። ታስታውሰዋለህ አይደል? በአንድ ትኬት ሁለት ፊልም የምናይበትን፣ የመጀመሪያው ሲያልቅ ሽንት ቤት ተደብቀን ሁለተኛው ጋ በጨለማ የምንገባበትን! ከዚያ በባቡር ወደ ቤታችን ወደ አሌክሳንድሪያ ስንመለስ ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትጫወትልኝ ነበር። ሴቶቹን ሁሉ አንተ፣ እኔ የተረፈውን ሽማግሌ። ተሳፋሪው ዞሮ ዞሮ ያይሃል፣ አንተ ምንም አይመስልህም። እነዚያን ቅዳሜዎች በምንም አልለውጣቸውም።

በሩ አጠገብ ትልቅ ፖስተር ተሰቅሏል። አረንጓዴ ካፖርት የለበሰች፣ ሻሽ ያሰረች ልጅ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆማለች። እናትህ ዓይናቸው ውስጥ ጠብታ ስለተደረገበት ጽሑፉ አልታያቸውም።

«ይቺ ልጅ ስለት ያለባት ትመስላለች። መንፈሳዊ ፊልም ነው?» አሉኝ።

እኔ አነበብኩት። ቀሚስ ስለሚወድ አንድ የአየርላንድ ወጣት ነው፤ መንደሩ አልቀበል ሲለው የእኔ የሚለውን ቦታ ፍለጋ ስለሚዞር ልጅ። ምን ልበላቸው? «የአየርላንድ ፊልም ነው እትዬ፤ ቤተ ክርስቲያንም አለበት» አልኩ። አልዋሸሁም። እሳቸውም «ጨለማው ለዓይኔ ይሻለዋል፣ እንግባ» አሉ።

ልጁ ኮልም ይባላል። የሞተች እናቱን ካፖርት ለብሶ፣ ሻሿን አስሮ፣ የዓሣ አጥማጆቹ መንደር ውስጥ ይመላለሳል። ሻሹን ሲፈታ እናትህ ድምፃቸውን እንኳን ሳይቀንሱ «ወንድ ነው እንዴ?» አሉ።

«አዎ እትዬ።»

እንውጣ ሊሉኝ ነው ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ። አልተነሱም።

የአየርላንዶቹን እንግሊዝኛ ብትሰማው! እዚህ ያደግኩት እኔ ግማሹ አልገባኝም። እናትህ ደግሞ በየደቂቃው «ምን አለ?» ይላሉ፤ እኔ በግምት እተረጉማለሁ። አንድ ቦታ ላይ የኮልም አያት ተቆጥተው ብዙ ተናገሩ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የያዝኩት «ድንች» የሚለውን ብቻ ነው።

«ድንቹ አልበሰለም እያሉ ነው» አልኳቸው።

«አይደለም» አሉኝ እናትህ። «ሰው ምን ይለኛል እያሉ ነው። ፊታቸውን አታዪም?»

ከዚያ በኋላ መተርጎሙን ተውኩት። እኔም ሐሳቤ ወደ አንተ ሄደ። እናቶቻችን ከሆቴል ሥራ ደክመው ሲገቡ እናንተ ቤት ይሰበሰቡ የነበረው ትዝ አለኝ። «ዳጊ፣ እስቲ የእድሩን ሊቀመንበር ሚስት አሳየን!» ይሉሃል። የእናትህን ነጠላ ትከሻህ ላይ ጣል አድርገህ፣ በሴትዮዋ አረማመድ ከኩሽና ትወጣለህ። ከሁሉም አብልጠው የሚስቁት እናትህ ነበሩ፤ እንባቸው እስኪወርድ። ልጅ ሳለህ ያስቃቸው የነበረው ነገር ጢም ስታወጣ ለምን እንዳስፈራቸው እስከ ዛሬ አይገባኝም። ያናድደኛል፣ እውነቴን ነው።

ያን እሁድም አሰብኩት። ባለ ሰፊ ጥለት ነጠላ እንደ ሴት ተከናንበህ ቤተ ክርስቲያን መጣህና በልጅነትህ ትቆምበት የነበረው ቦታ፣ በሴቶች በኩል፣ እናትህ ጎን ቆምክ። አንዲት ሴትዮ ክንድህን ይዘው «ልጄ፣ ወንዶች በዚያ በኩል ናቸው» አሉህ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ የሚያውቁትን ነው የተናገሩት። አንተ ግን እሳቸውን አላየህም፤ ያየኸው እናትህን ነው። እናትህ መሬት መሬቱን አዩ። በወንዶቹ በኩልም አልቆምክም፤ ቀጥ ብለህ ወጣህ፣ በወሩም ዴንቨር ገባህ። ይኸው ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ በስልክ የምትነጋገሩት ስለ አየሩ ብቻ ነው።

ወደ ፊልሙ ልመልስህ። ኮልም ከከተማ ከተማ ይዞራል። አንድ ቦታ ልብስ ማጠቢያ ቤት ይሠራል፣ ሌላ ቦታ መጠጥ ቤት ይዘፍናል። አንዳንዱ ይስቅበታል፣ አንዳንዱ ያበላዋል፣ ማንም ግን ቁጭ በል አይለውም። በመጨረሻ መንደሩ ይመለሳል። ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ነው። በሩ ላይ ይቆማል፣ ዝናብ ይወርድበታል። ፊልሙ እዚያ ላይ አለቀና የሠሪዎቹ ስም መውረድ ጀመረ።

እናትህ ንቅንቅ አላሉም። «ገባ?»

«አላሳዩንም እትዬ። አለቀ።»

«እንዴት ያልቃል? ልጁን ዝናብ ላይ አቁመው?»

«ሰው እንዲያስብበት ብለው ነው።»

«ምን ይታሰባል! ይግባ እንጂ!»

ያ ሁሉ ስም ወርዶ አልቆ መብራት እስኪበራ ስክሪኑን እያዩ ጠበቁ፤ ምናልባት ይገባ እንደሆነ ብለው። ሰዉ ሁሉ ሲወጣ እኛ ብቻ ቀረን። «እናቱ ብትኖር ኖሮ እጁን ይዛ ታስገባው ነበር» አሉ። ቀጥለውም «እኔ እኮ ነበርኩ» አሉኝ።

ዳጊ፣ እናትህ ሲያለቅሱ ያየሁት አባትህ የሞቱ ጊዜ ብቻ ነበር። ያን ቀን በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፍነው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። እኔም አብሬያቸው። መኪና ውስጥ፣ የወንዙን ድልድይ ስንሻገር፣ «ና ብትይው ይመጣል?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። እውነትም አላውቅም።

አሁን ወረቀት ያስወጣኝን ነገር ልንገርህ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ቦታቸው ላይ የሉም። ከፊት መስመር ጠፍተው የማያውቁት ሴትዮ! አሟቸው ይሆናል ብዬ ወጣሁ። ፓርኪንግ ሎቱ ውስጥ፣ ድምፅ ማጉያው ሥር አገኘኋቸው፤ አርፍደው ከመጡትና ለመግባት ብቁ አይደለሁም ብለው ውጭ ከሚያስቀድሱት ጋር ቆመዋል።

«እትዬ፣ ምን ሆኑ? ሰው ምን ሆኑ እያለ እየጠየቀኝ ነው።»

«ይጠይቅ» አሉኝ። «እዚህ ወንዱም ሴቱም ተደባልቆ ነው የሚቆመው። ልጄ ሲመጣ እዚህ አብረን እንቆማለን። እስኪመጣ እኔ እየለመድኩት ነው።»

ኅዳር ገብቷል፤ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ከባድ ነው። ጃኬት ይደርቡ ብላቸው እምቢ አሉኝ። ቶሎ ና።

ያንተው ትህትና
ከአሌክሳንድሪያ