እማዬ፣ እኔ እኮ ገና አልሄድኩም

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና አይደለሁም። ትናንት ስልኩን ጆሮሽ ላይ የዘጋሁት ኔትወርክ ጠፍቶ እንዳይመስልሽ፤ ተናድጄ ነው። በድምፅ እንዳልልክልሽ ደግሞ ከፍ አድርገሽ ለግቢው ሁሉ ታሰሚያለሽ። ስለዚህ እዚህ ሌጎስ፣ ጓደኛዬ ፉንሚ ቤት ቁጭ ብዬ እጽፍልሻለሁ። ነገ ወደ ኢባዳን ስለምትመጣ እጅሽ ላይ ታስቀምጥልሻለች። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው፣ እሺ?

ውጭ አገር ካመለከትኩባቸው የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ አልቀበልሽም ያለኝ ቀን ትዝ ይልሻል? ባቄላ እየላጥሽ ነበር። «እጅግ እናዝናለን፣ ብዙ ጥሩ ጥሩ አመልካቾች ስለነበሩ» የሚለውን ሳነብልሽ ቀና እንኳ ሳትዪ፦ «አዝነዋል አይደል? ያዘነ ሰው ልቡ ይራራል። ቆይተው ይጠሩሻል» አልሽኝ። እማዬ፣ የጻፈው ኮምፒዩተር ነው! ኮምፒዩተር አያዝንም! ሁለተኛውም ያንኑ ቃል ላከ፤ ሦስተኛው ይኸው እስከዛሬ ድምፁ የለም።

ከዚያ ወዲህ ኑሮዬ ስልክ መክፈትና መዝጋት ሆነ። መብራት ሲጠፋ ውሳኔው ልክ አሁን የመጣ ይመስለኛል፤ መብራት ሲመጣ የጫማ ማስታወቂያ ነው። አሁን ተኝተዋል፣ አሁን ምሳ ወጥተዋል፣ አሁን በረዶ ዘግቷቸዋል እያልኩ የማላውቀውን ሰው ውሎ ሳሰላ እውላለሁ። የማመልከቻውን ክፍያ ሲቀበሉ ግን ለአንዲት ደቂቃ አልዘገዩም፣ አይበርክትላቸው!

እኔ በዚህ እየተቃጠልኩ አንቺ ምን አደረግሽ? እሑድ ዕለት «ምስክርነት ያለው» ሲባል ብድግ ብለሽ ማይክ ያዝሽ። «ወገኖቼ፣ ልጄ ሞሬኒኬ ሄደች! ተፈጸመ! ውቅያኖሱን ተሻገረች!» ሰዉ እልል አለ፣ ከበሮው ተመታ። እኔ እኮ ከኋላ ወንበር ተቀምጫለሁ! አጠገቤ ያለችው ሴትዮ አቅፋኝ «በረራሽ መቼ ነው?» አለችኝ።

አውቃለሁ፣ የለመኑትን እንደተቀበሉት አድርጎ መመስከር የቤተ ክርስቲያናችን ልማድ ነው። ያላገባችው አገባሁ ትላለች፣ ቤት የሌለው የቤቱን ቁልፍ ያወዛውዛል። ግን ሁሉም መጨረሻ ላይ «በእምነት» ይላል፣ ሰሚውም ነገሩ ይገባዋል። አንቺ ያቺን አንዲት ቃል ዋጥሻት! ምነው እማዬ፣ ስንት ጊዜ ሰዓት አልፏል እስኪሉሽ የምታወሪ ሰው፣ አንድ ቃል ምን ነበረበት?

የማስተምርበት ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሚስስ አዴቶላ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበሩ። እናት ከመሰከረች ማን ይጠይቃል? በሳምንቱ ክፍሌ ስገባ ወንበሬ ላይ አዲስ የባዮሎጂ መምህር ተቀምጧል። ልጆቹ ሰሌዳው ላይ አውሮፕላን ሥለዋል። መምህራኑ አዋጥተው ሻንጣ ገዝተውልኛል። ምን ልበል? «እናቴ ዋሽታ ነው» ልበል? አመስግኜ ተቀበልኩ። ባዶ ሻንጣ እየጎተትኩ የሰፈራችንን የሞኮላን መንገድ ሳቋርጥ ሙዝ የምትጠብሰው ሴትዮ ሳትቀር «በሰላም ግቢ!» ብላ መረቀችኝ። ሥራዬን ይዤ ብጠብቅ ኖሮ አልቀበልሽም ቢሉኝም ለከርሞ እሞክራለሁ እል ነበር። አሁን ቦታዬ ለሌላ ተሰጥቶ ምን ይዤ ነው የምሞክረው?

አንቺ እቴ፣ ይሄ መች ገዶሽ! ልጄ ሄደችልኝ ብለሽ ለጠራሽው የምስጋና ድግስ ዘመድ ሁሉ አንድ ዓይነት ይልበስ ብለሽ ጨርቅ አስመጣሽ። እሱም ብርቱካንማ! ያን ቀን ነው ወደ ፉንሚ የሸሸሁት።

ትናንት አራተኛው ዩኒቨርሲቲ መለሰ። ምን አለፋሽ፣ የተባባልነውን እንዳለ ልጻፍልሽና ራስሽ ፍረጂ።

«ተጠባባቂ አድርገውኛል እማዬ። ሌላ ሰው ቦታውን ከተወው ነው የሚጠሩኝ።»

«ይኸው! አላልኩሽም? ገባሽ!»

«አልገባሁም።»

«አትገቢም አሉሽ?»

«አላሉም።»

«ታዲያስ!»

«ገብተሻልም አላሉም እኮ!»

«አንቺ ልጅ ምን ነክቶሻል? ደጅ የደረሰ እንግዳ ገባ ነው የሚባለው። ይልቅ ልክሽን ላኪ፣ ልብስ ሰፊው እየጠበቀሽ ነው።»

እዚህ ላይ ነው የዘጋሁት።

እማዬ፣ እዚህ ድረስ ጽፌ ብዕሬን አስቀመጥኩና ሚስስ አዴቶላ ጋ ደወልኩ። እንደ ምንም አፍሬም ቢሆን ሥራዬን ልለምን ብዬ ነው። ገና «ይቅርታ ያድርጉልኝና» ስል አቋረጡኝ።

«ሞሬኒኬ፣ እናትሽ አልነገሩሽም እንዴ? ባለፈው ሳምንት ቢሮዬ መጥተው ነበር።»

«ምን ሊሉ?»

«በሩን ዘጉና ተንበረከኩ። በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉኝ ሴት! በወጋችን ታናሽ ስለሆንኩ እኔ ነበርኩ መንበርከክ የሚገባኝ። ‹እማማ፣ በሞቴ ይነሡ› ብል እምቢ አሉኝ። ‹ያጠፋው የኔ አፍ ነው። ካልተቀበሏት ልጄ ሜዳ ላይ ትቀራለች። እንደፈራሁ ግን እንዳትነግሪያት፤ እኔ ከፈራሁ እሷ ትወድቃለች› አሉ።» ቀጠሉና «የጠዋቱ ክፍል ተይዟል። ከሰዓት በኋላ የሚያጠኑት ልጆች ግን መምህር የላቸውም። ሰኞ ነይ» አሉኝ።

አንቺ ሴትዮ! ምን ላድርግሽ? በልጅነቷ ንፍጧን የጠረግሽላት ልጅ እግር ሥር? ለጎረቤት ሽማግሌ እንኳ ጉልበቴን ያመኛል እያልሽ ሳትንበረከኪ ጎንበስ ብቻ ብለሽ የምታልፊ ሰው?

አለቀስኩ። ከዚያ እንደገና ተናደድኩብሽ። እኔ ብቻዬን የተጨነቅሁ መስሎኝ፣ ምንም የማይገባት ሴት እያልኩ ሳማሽ፣ አንቺ ለካ ከግድግዳው ማዶ ብቻሽን እየፈራሽ ነበር። በአንድ ጣራ ሥር ተደባብቀን! ይሄ ምን የሚሉት ኑሮ ነው?

ዓርብ እመጣለሁ። ድግሱን አላስቀርብሽም፤ ዘመድ ሆዱን አዘጋጅቷል። ያንን ብርቱካንማ ነገርም እለብሳለሁ፣ እግዜር ይይልሽ። ሰው ሲጠይቅ ግን «ገና ነው፣ ላይሆንም ይችላል» እላለሁ፤ አንቺም አጠገቤ ቆመሽ ያንኑ ትያለሽ። ሰኞ አስተምራለሁ። ከጠሩኝ እሄዳለሁ፣ ካልጠሩኝ እንደገና አመለክታለሁ፣ አንቺም እንደገና ትጸልያለሽ።

ከእንግዲህ ግን ለኔ ብለሽ ማንም ፊት እንዳትንበረከኪ። ለሰው ሁሉ እንደ ልማድሽ ጀግና ሁኚ። እኔ ዘንድ ግን፣ እባክሽ እማዬ፣ ፍሪ።

ጉልበትሽን ስሜያለሁ።

ልጅሽ ሞሬኒኬ