ተልባ የጠጣችው ማንኪያ

ልጄ ማኅደር፣ አንቺንም ትንሿን ፍሬንም አምላክ በእቅፉ ያኑርልኝ። የደብሊን ዝናብ እንዳይበርዳት ካልሲዋን አትርሺ። እኛ እዚህ ሆልምሊያ ሰፈራችን ደህና ነን፤ በረዶውም ሄዷል፣ ጉልበቴም ተሽሎኛል።

አባትሽ ግን ጉድ ሠራ! አልናብሩ በሚባለው ሰፈር አብሮት የሚሠራ ጓደኛው በሰጠው የበርች እንጨት፣ ፍሬ ምግብ የምትጀምርበትን ማንኪያ ቀረጸላት። ያው በስልክ አይቷት እንጂ አቅፏት አያውቅም። "ቫርኒሽ ልቀባትና እንደ መስታወት ታብረቅርቅ" ሲለኝ፣ "ልጅቷ በድዷ ፍቃ ብትውጠውስ?" አልኩት። በማግስቱ "እናቴ ገበታዋን የምታወዛው በቅቤ ነበር" ብሎ ከፍሪጅ አውጥቶ ቀባት። ያውም ኮረሪማና ኮሰረት ያለበትን! "ሰውዬ፣ በዶሮ ወጥ ልታስጀምራት ነው?" ብዬ በሳቅ ሞትኩ።

አጥቦ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሻት፤ ከዚያ ማዮርስቱን ሰፈር ካለ የቀለም መሸጫ ምንም ያልተቀላቀለበት የተልባ ዘይት ገዛን። በስሱ ይቀባል፣ ትርፉ በጨርቅ ይጠረጋል። አይ መልኳ! ማር መሰለች፣ እጅ ላይም ትለሰልሳለች። ሻጩ "በደንብ እስኪደርቅ ሳምንታት ይፈልጋል" ሲለው፣ አባትሽ "ችግር የለም፣ እነሱም እስኪመጡ ነው" አለ። አንቺ እመጣለሁ እንዳላልሽ አላስታወስኩትም።

ልጄ፣ በፖስታ ላኩልኝ እንዳትይ። ይዘሻት ነይና የመጀመሪያዋን ጉርሻ አያቷ ያጉርሳት። መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ወልደሽ ለመሳም እንዳበቃሽ አሳድገሽ ለመዳር ያብቃሽ።

ማንኪያዋ መስኮቱ ላይ ናት። አባትሽ ጠዋት ጠዋት እየዳሰሳት "ደረቀች?" ይለኛል። እስክትመጪ ድረስ "ገና ናት" እለዋለሁ።

እናትሽ እሌኒ