ምዕራፍ ሰባትን ለዘጋሁባት እህቴ

ውድ ሚጡዬ፣

አሸነፍን! ሰላምታውን ላስቀድም ብል እጄ እምቢ አለኝ። ዛሬ የከተማው ምክር ቤት በሁሉም የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሥነ ተዋልዶ ትምህርት ግዴታ እንዲሆን ወሰነ። ስለ ሰውነት፣ ስለ ወር አበባ፣ ስለ እርግዝና፣ ስለ በሽታ፣ "እምቢ" ስለማለትም ጭምር ሴቱም ወንዱም አንድ ክፍል ቁጭ ብሎ ይማራል። እሰይ! እሰይ!

አሁን ደግሞ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ የቀበርኩትን ልንገርሽ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሽ የባዮሎጂ መጽሐፍሽን ይዘሽ መጥተሽ "እቴቴ፣ ምዕራፍ ሰባት ለምን በስቴፕለር ተመታ?" ያልሽኝ ትዝ ይልሻል? "የማተሚያ ቤት ስህተት ነው፤ እንዳትነኪው፣ ተቀዶ ትቀጪበታለሽ" አልኩሽ። ውሸቴን ነው። የመታሁት እኔ ነኝ። ርዕሰ መምህሩ ባዘዙኝ መሠረት፣ በየዓመቱ ትምህርት ሊከፈት ሲል የምሠራበትን የትምህርት ቤታችሁን የመጻሕፍት ክፍል በር ቆልፌ ያንን ምዕራፍ ከሁሉም መጽሐፍ ላይ እጠረቅመው ነበር። ያንቺንም። አንቺ ደግሞ ጨዋ ልጅ፣ እንዳልኩሽ ሳትነኪው ቀረሽ።

ከዚያ ሆድሽ ገፋ። እስከ አምስተኛ ወርሽ ድረስ ምን እንደሆንሽ እንኳ አላወቅሽም፤ "ጨጓራዬን ነው" ትይኝ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ሲያባርሩሽ እኔ ቢሯቸው በር ላይ ቆሜ ትንፍሽ አላልኩም። አፈር ልብላ! ልጅሽን አዝለሽ ሌላ ከተማ ሄደሽ፣ ተምረሽ አዋላጅ ነርስ ስትሆኚ እንኳ "ይቅር በይኝ" ለማለት ወኔ አጣሁ።

ዛሬ ግን ለሕዝብ ክፍት በሆነው የምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ወኔው መጣ። ጋራዥ ያለው የምክር ቤት አባል ተነሥቶ "ልጆቻችንን ሳይርባቸው ልታጎርሷቸው ነው እንዴ?" ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አለቀልን ብዬ ደነገጥኩ። ተነሥቼ ማይኩን ያዝኩ።

"እህቴ አርግዛ ከትምህርት ቤት የተባረረችው ማንም ሳያስተምራት ነው" አልኩ። ስምሽን አልጠራሁም። "ገጹን የዘጋሁባት እኔ ነኝ። ነውር ከተባለ ነውሩ የኔ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ እኔ ከእንግዲህ አልደብቅም!"

ባለጋራዡ አንገቱን እያከከ "ለመሆኑ ምዕራፉ ስንት ገጽ ነው?" አለኝ።

"አሥራ ስድስት።"

"ለአሥራ ስድስት ገጽ ነው እንዴ ልጅ ያባረርነው? እኔም እኮ ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ" አለና፣ ድምፅ ሲሰጥ መጀመሪያ እጁን ያወጣው እሱ ሆነ። ሠላሳ አንድ ለስድስት! ስብሰባውን ሊከታተሉ የመጡት እናቶች እልልታቸውን አቀለጡት፤ እኔማ ለቅሶዬን ለቀቅኩት።

ስንወጣ ርዕሰ መምህሩ በረንዳው ላይ ጠበቁኝ። ሊያባርሩኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። አሁን ሸምግለዋል። "የመጀመሪያውን ትምህርት የሚሰጥልን ባለሙያ እንፈልጋለን። እህትሽ ትመጣልን ይሆን?" አሉኝ መሬት መሬት እያዩ።

"ራስዎ ያባረሯትን ራስዎ ይጥሯት!" አልኳቸው። እኔ፣ ያቺ ፈሪ!

እሳቸውም ጻፉ። ማኅተም ያለበት ደብዳቤያቸው ከዚህ ጋር አለልሽ። ሦስቴ አነበብኩት። "ክብርት መምህርት" ብሎ ይጀምራል።

ይቅርታሽን በጉጉት የምትጠብቀው፣
እቴቴ