ከአሮጌው ግድብ ሥር የበቀለ ባሚያ

ጥቅምት 14፣ ዶካ፣ በስደት አገር

የግራ እግር ነጠላ ጫማዬ ዛሬ ጠዋት በድንገት ማረፉን በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። ከአሮጌው ግድብ ሥር ያለው ጭቃ ውጦ አስቀረው፤ ቀብሩም እዚያው ተፈጸመ።

ዝናብ ካቆመ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ምድሩ ሁሉ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ያ ቦታ ብቻ የሚረጥበው ግድቡ ከሥሩ ስለሚያፈስ ነው። ጎረቤቴ እትዬ አልጋነሽ ግን ባሚያ ዘርተውበታል፤ ቤታቸውም ከባሚያው ዝቅ ብሎ ነው ያለው።

«እትዬ፣ ይሄ ግድብ አንድ ቀን ይዞዎት ይሄዳል። ከዚህ ይነሱ» አልኳቸው።

«ስንቴ ልነሳ? ከአገሬ ተነሳሁ፣ ከመንደር 8 መጠለያ ተነሳሁ። አሁንስ ከባሚያዬ አልነሳም! እግዜር ያለ ዝናብ ቢያጠጣልኝ አንተን ምን አንገበገበህ?»

ይህን ስንባባል የግድቡ ኃላፊ፣ ሙዲሩ፣ እንግዶች አስከትሎ መጣ። ባሚያው መሃል አቁሞ ፎቶ አስነሳቸው። «ግድባችን ስደተኛውን እያበላ ነው» አላቸው፣ ደረቱን ነፍቶ።

«ያ ሙዲር፣ ግድቡ እያፈሰሰ ነው! ሊናድ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ባዶ እግሬን አየና «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ጫማ ይሰጥሃል» አለኝ። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

ንዴቴን የት ላድርገው? ግድቡ እንኳ መተንፈሻ ቀዳዳ አለው።

ማረሚያ፦ ከላይ ጫማዬ በጭቃው ውስጥ ተቀብሯል ተብሎ የሰፈረው ስህተት ነው። ሟቹ ዛሬ ማምሻውን በእትዬ አልጋነሽ ደጃፍ ላይ ተገኝቷል። ያደረሰውም ከግድቡ ሥር የወጣው ውሃ ነው።