ሰባት ዓመት የተጓዙ ካባዎች

ጥቅምት 9

ደብረ ብርሃን። በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ ጠዋት ስስ በረዶ ይዞ ነበር። በጣሳው ጫፍ ሰበርኩት። ያው ጥቅምት ነው።

ዛሬ ለፊልሙ ስድስት ካባ አስረጀሁ፤ አዲሱን አሮጌ ማስመሰል ነው ሥራዬ። በሽቦ ብሩሽ ፈተግሁ፣ ጫፉን በሻማ ለበለብኩ፣ አንገቱን በአመድና በሻይ ቅጠል ውሃ አሸሁ። ከዚህ በፊት ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ ቀለም ክፍል፣ አምስት ዓመት... እንከን ያለበት ልብስ ካለፈኝ ይቆጡኝ ነበር። አሁን የሚቆጡኝ እንከን ከሌለው ነው። ጥሩ ሥራ ነው? ገና አላውቅም። ግን ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ እየሮጥኩ ነው የምሄደው። እንዲህ ቸኩዬ የሄድኩበት ሥራ ነበር ወይ?

ጥቅምት 12

የፊልሙን ታሪክ ዛሬ በደንብ ሰማሁ። ዘንዶ ፀሐይን ይውጣል። አንድ ሠራዊት ፀሐይን ሊያስመልስ ከአገሩ ይወጣል። ሰባት ዓመት ይጓዛል።

ሮዳስ፣ የአልባሳት ክፍላችን ኃላፊ፣ አንዱን ካባ ወደ መስኮቱ ይዛ አየችው። «ሰባት ዓመት በእግር፣ ሔራን። አንድ ቀን እንኳ የሰፋላቸው የለም። እሱ ነው መታየት ያለበት።»

ከዚያ ወዲህ ካባ ስይዝ ሰውየውን አስባለሁ። ይሄኛው እሳት ዳር እንቅልፍ ወስዶት ነው የተቃጠለው። ያኛው የቆሰለ ጓደኛውን ተሸክሞ ትከሻው ሳሳ። ለማንም አልተናገርኩም። ይስቁብኛል።

ጥቅምት 20

አንኮበር ገባን። ሰባት የጭነት መኪና! ተራራው ጫፍ ላይ ቤተ መንግሥት ቆሟል፣ ከጣውላና ከፎም። ድንጋይ ነው ብለህ ብትደገፈው ይነቃነቃል። ዘንዶው ረጅም እንጨት ላይ የተሰካ አረንጓዴ ኳስ ነው፤ ስልሳ ሰው እሱን አይቶ መደንገጥ አለበት። ደግሞ ጭጋግ የሚሠራ ማሽን አምጥተዋል። ጭጋግ ለማያጣት ለአንኮበር!

እማዬ ቤት ነው ያረፍኩት። አባዬ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ናት። ሥራዬን እንዴት ላስረዳት...

«ደህናውን ልብስ ትቀጂያለሽ?»

«አስረጀዋለሁ፣ እማዬ።»

«ደሞዝ ይሰጡሻል?»

«አዎ።»

«አሮጌ ልብስ ከፈለጉ እኔን ለምን አልጠየቁኝም?»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ጥቅምት 28

ተጀመረ! ዳይሬክተሩ ኤርሚያስ በድምፅ ማጉያ «ሂዱ!» ሲል ስልሳ ሰው ገደሉን ይዞ መውጣት ጀመረ። የዚሁ አገር ገበሬዎች ናቸው፣ ትናንት ገብስ ሲያጭዱ የነበሩ። ካባዎቼን ነፋስ ሲመታቸው አየሁ። ለካ ሰው እስኪለብሰው ድረስ ጨርቅ ነው።

ማታ ላይ ሮዳስ የመጋዘኑን ቁልፍ ሰጠችኝ። «ከዚህ ቆላ እንወርዳለን፣ ሁለት ወር። ከክፍላችን የምወስደው አንድ ሰው ብቻ ነው። እስካሁን አንቺ ነሽ።»

እስካሁን። ቃሉ ውስጤ ቀረ። ሄጄ ባየው... ከሸዋ ወጥቼ አላውቅም።

ኅዳር 10

የሆነ ነገር አድርጌያለሁ። ልክ ይሁን ስህተት አላውቅም።

ሮዳስ ለሁለት ቀን አዲስ አበባ ሄዳለች። ኅዳር 13 ጠዋት ትልቁ ቀረጻ ነው፣ ሠራዊቱ በሙሉ ፀሐይ ስትወጣ። ስልሳ ሰው አልብሰን እስክንጨርስ ፀሐይዋ ታመልጠናለች። ስለዚህ ካባዎቹን ሰጠኋቸው። ወደየቤታቸው ይዘው ሄዱ። ለብሰው ይመጣሉ።

ሮዳስን አልጠየቅኋትም። ለምን? እምቢ ብትልስ ብዬ ነው።

ጋሽ ገብረአብ፣ በፊልሙ ሠራዊቱን የሚመሩት ሽማግሌ፣ የራሳቸውን ካባ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። «አደራሽን በደህና እንመልሳለን፣ ልጄ።»

ኅዳር 11

ምንም አልተፈጠረም። ባዶውን መጋዘን ሁለት ጊዜ ከፍቼ አየሁ።

ኅዳር 12

ሚካኤል። እንዴት ብዬ ልጻፈው...

ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ሠራዊቴ ጥዱ ሥር ቆሟል። ስልሳውም ካባ ለብሰው። ታጥቧል። በእንዶድ ታጥቦ፣ በሱፍ ክር ተሰፍቶ። የለበለብኩት ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተቀምቅሟል። አንዳንዱ ቁልፍ ተተክሎለታል። ቁልፍ!

ጋሽ ገብረአብ ዞረው ጀርባቸውን አሳዩኝ። «አላማርንም?»

«ማን... ማን ነው ያጠበው?»

«ሴቶቹ ናቸዋ። የእኔንስ የሚያጥብልኝ የለም ብዬ ነበር፤ እናትሽ ወሰደችው።» ባለቤታቸው ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል።

እማዬ ከኋላቸው ኮራ ብላ ቆማለች። «የሰው ልብስ የተዋሰ ሰው ከነቆሻሻው ይመልሳል እንዴ? ይህንንም አላስተማርኩሽም?»

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። በተቀደደው ካባ እኮ ብዙ ቀን ቀርጸናል! ነገ እዚያው ታሪክ ውስጥ አዲስ ለብሰው ሊመጡ ነው። ቆላው ታየኝ፣ ወዲያው ጠፋ። ማንም ሳያይ ላስተካክለው? ሮዳስ ማታ ነው የምትመጣው...

ደወልኩላት። ሳልጠይቅሽ ሰጠሁ፣ አጥበው ሰፉት፣ አልኳት።

«ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ምን ይዘሽ ነው የምትቀርቢው?»

«የተቀደደ ካባ።»

«የመጋዘኑንም ቁልፍ ይዘሽ ነይ።»

ከዚያ ሴቶቹን ሰብስቤ ነገርኳቸው። ለማንም ያልነገርኩትን። ይሄ እሳት ዳር ተኝቶ ነው። ይሄ ጓደኛውን ተሸክሞ ነው። ይሄኛው ጨርቁን ቀዶ የሌላ ሰው ቁስል አስሮበታል... ማንም አልሳቀም። ጎረቤታችን በላይነሽ ብቻ «ሰባት ዓመት ሙሉ አንዱ እንኳ መርፌ አልያዘም? ምን ዓይነት ወንዶች ናቸው!» አለች።

«ሚስት የላቸውም?» እማዬ ናት።

«አላቸው። አገር ቤት ሆነው ይጠብቃሉ።»

እማዬ የያዘችውን ካባ ገለበጠች። «ይህን ቀድመሽ ብትነግሪን ምን ነበረበት?»

አንዱን ካባ አንሥቼ ስፌቱን አሳየኋቸው።

«ታዲያ ይተርተራ» አለች በላይነሽ። «ግን በሚካኤል መርፌ አይያዝም።»

ጋሽ ገብረአብ ሳቁ። «መርፌ ማን አለሽ? በምላጭ ነው።»

ከሰዓቱን ሁሉ ሲተረትሩ ዋሉ። የገዛ ስፌታቸውን። በየደጁ የኅዳር ቆሻሻ ይቃጠል ነበርና ካባዎቹን ጭሱ በሚሄድበት በኩል አጥር ላይ ዘረጋናቸው። አመዱንም አልማርነውም። በላይነሽ ያጠበችውን አንገትጌ በእጇ እያሸች «ጉድ! ጉድ!» ትላለች፣ እንባዋ እስኪመጣ እየሳቀች። እኔም። እንደዚህ ደስ ብሎኝ ፈርቼ አላውቅም።

አንድ በአንድ ገልብጬ አየሁ። የጋሽ ገብረአብን እማዬ ይዛ መጣች። «ይሄ አልቋል» አለችኝ። የእሷን አልገለበጥኩም።

ኅዳር 13

ቁልፉን ለሮዳስ ሰጠሁ። ኪሷ ከተተችው። ካባዎቹን አየች፣ አሸተተች።

ጭጋጉ ከቆላ በኩል ራሱ መጣ፤ ማሽኑ ሳይነካ ዋለ። ፀሐይዋ ከጀርባቸው ስትወጣ ስልሳ ጥላ ከገደሉ ብቅ አለ። የድምፅ ባለሙያው ሳይቀር አፉን ይዞ ቆመ። ይህ ሁሉ ሰው፣ ይህ ሁሉ መኪና፣ ለዚህች ደቂቃ...

«አቁሙ!»

ኤርሚያስ ስክሪኑ ላይ አጎንብሷል። «ፊት ያሉት ሽማግሌ። ትከሻቸው ላይ ተጥፏል።»

አየሁት። በግራ ትከሻ ላይ፣ መዳፍ የምታህል እራፊ፣ ጥቅጥቅ ባለ ስፌት። እማዬ አልተረተረችውም። ሮዳስ ወደ እኔ ዞረች።

ኤርሚያስ ሄዶ አጠገባቸው ቆመ። «ጋሼ፣ ይሄን ማን ሰፋልዎት?»

ጋሽ ገብረአብ አልቸኮሉም። እጃቸውን ትከሻቸው ላይ አሳረፉ። «የምትጠብቀኝ ሴት።»

ኤርሚያስ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። «ከስልሳው ለአንዱ ብቻ የሰፋችለት አለች... አገር ቤት ያልቀረች፣ ከእነሱ ጋር ስትጓዝ የቆየች! እንዴት ሳናስበው? ካሜራውን አምጡት፣ ወደ ትከሻቸው!»

የድንጋዩ ካብ ላይ ተደርድረው ከሚያዩት ሴቶች መካከል በላይነሽ እማዬን በክርኗ ጎሰመቻት። እማዬ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች።

ኅዳር 15

የሠራዊቱ መሪ ከገደል የሚወድቅበት ትዕይንት አለ፤ የሚወድቀው ግን ጋሽ ገብረአብ ራሳቸው አይደሉም፤ በእሳቸው ፈንታ የሚወድቅ ሌላ ሰው አለ። እሱም ያቺን እራፊ የያዘ ካባ ያስፈልገዋል። ቁርጥ ያቺን።

እራፊዋን አስመስዬ ለመስፋት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ሮዳስ ሦስቱንም ወረወረችው። «ሳትጠይቂ መስጠትሽን አልረሳሁም» አለች። ቀጥላም፣ «መደወልሽንም አልረሳሁም።» የመጋዘኑን ቁልፍ ፊቴ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ቆላ ሙቀት ነው፣ ስስ ልብስ ያዢ። አሁን ሂጂና እናትሽን አምጪያት።»

ስለዚህ እማዬ ከዛሬ ጀምሮ የፊልም ሠራተኛ ናት። ጋሽ ገብረአብን ለናሙና ፊቷ አቆምናቸው፣ ካባቸውን እንደለበሱ። ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው። ፊታቸውን አታይም። ትከሻቸውን ብቻ ታያለች።

«አንድ ዓይነት ይሁን፣ እማዬ። ካሜራው ይለያል።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰች። የሰፋችውን አየችው፤ ትከሻቸው ላይ ያለውን አየችው።

«እንደዚያኛው አይመጣም። ያኛውን ስሰፋ እኮ...»

አልጨረሰችውም። ጋሽ ገብረአብ ሩቅ ተራራ ያያሉ፤ ጆሯቸው ግን እዚሁ ነው።

አልጠየቅኋትም። መርፌውን ከእጇ ተቀብዬ ክር አስገባሁላት።